ቪው ላይ ትሪገር ወይስ ሩል? ከፖስትግሬስ ጋር ለምትሠሩ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ጅማ ውስጥ ከዳታቤዝ ጋር የሚውል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይቺ ጥያቄ ትመጣለች። «ሁለት ቴብል ያገናኘ ቪው አለኝ። ለማየት ይሠራል። ልጽፍበት ስል እምቢ ይለኛል። ሩል ልጻፍለት ወይስ ትሪገር?» የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ተማሪዎች ይጠይቁኛል። የቡና መረከቢያ መጋዘን ሒሳብ የሚይዙ ልጆችም ይጠይቁኛል። በቴሌግራም ቁርጥራጭ መልእክት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ቪው ማለት ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ፣ እንደ ቴብል የሚታይ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ነው። ለቸኮለ መልሱ ይኸው። ቪው ከአንድ በላይ ቴብል ላይ እንዲጽፍ ከፈለጋችሁ «ኢንስቴድ ኦፍ» (በትዕዛዙ ምትክ የሚጠራ) ትሪገር ጻፉ። ሩል የሚሻልበት ቦታ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ምክንያቱን ሳትይዙ ኮዱን ብቻ ብትገለብጡ ገንዘብ ላይ ስህተት ይመጣል፤ ያውም ኢረር የማያሳይ ስህተት።

ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

ሩል የሚሠራው ኩዌሪው ላይ ነው። የጻፋችሁት «አፕዴት» ገና ሳይፈጸም ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ይወስደውና በሩሉ መሠረት ሌላ ኩዌሪ አድርጎ ይጽፈዋል። የሚፈጸመው ያ አዲሱ ነው። ሩሉ ራሱ አንድም ረድፍ አላየም። ትሪገር ግን ረድፉ ከተገኘ በኋላ የሚጠራ ፈንክሽን ነው። አሥር ረድፍ ከተነካ አሥር ጊዜ ይጠራል፤ በየጊዜው የአንዱን ረድፍ አሮጌና አዲስ ዋጋ በእጁ ይዞ ይሠራል።

በቡና መጋዘን ብናስበው፣ ሩል ቢሮ ተቀምጦ የመጣውን ማዘዣ ሰርዞ እንደገና የሚጽፍ ጸሐፊ ነው። ትሪገር ሚዛኑ ጋ ቆሞ ጆንያውን አንድ በአንድ የሚመዝን ሠራተኛ ነው። ጸሐፊው በአንድ ወረቀት ሺህ ጆንያ ያንቀሳቅሳል፤ የትኛው ጆንያ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። ከታች የምታዩት ችግር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፖስትግሬስ 11 ወይም ከዚያ በላይ። እዚህ የምጠቀምበት «ኤክስኪዩት ፈንክሽን» የሚለው አጻጻፍ የገባው በ11 ነው፤ ከዚያ በፊት «ኤክስኪዩት ፕሮሲጀር» ነበር። ኢንስቴድ ኦፍ ትሪገር ራሱ ከ9.1 ጀምሮ አለ።
- ፒኤስኪውኤል ወይም ፒጂአድሚን (ለፖስትግሬስ ትዕዛዝ የሚሰጥባቸው ፕሮግራሞች)። እኔ ፒኤስኪውኤልን እመርጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ስንት ረድፍ እንደተነካ ፊት ለፊት ይነግራል። ያ ቁጥር ኋላ በጣም ያስፈልገናል።
- የሙከራ ዳታቤዝ፣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 የሆነ።
- የዋናው ዳታቤዝ ባክአፕ፣ በፒጂ ደምፕ የወጣ።
- የቪው ባለቤትነት። ሩል መፍጠር የሚችለው ባለቤቱ ነው። ለትሪገር ግን ቪው ላይ «ትሪገር» የሚባለው ፈቃድና ፈንክሽኑን የማስኬድ ፈቃድ ይበቃል።
- ቻርጅ ያለው ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ። መብራት ቢሄድ «ኮሚት» ተብሎ ያልጸና ትራንዛክሽን (የትዕዛዞች ጥቅል) ይመለሳል እንጂ ዳታው አይበላሽም። ያልተቀመጠ ስክሪፕታችሁ ግን ይሄዳል።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በላቲን ነው። የቴብልና የአምድ ስሞቹን ግን እንዳሉ በአማርኛ መተየብ ትችላላችሁ፤ ፖስትግሬስ ይቀበላል። አንድ ገደብ አለ። ስም ከ63 ባይት ማለፍ አይችልም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ21 ፊደል በላይ የሆነ ስም ይቆረጣል። አጭር ስም ስጡ።

ምሳሌያችን

ጅማ ከተማ ያለ መጋዘን ከጎማ፣ ከማናና ከቀርሳ ቡና ይረከባል እንበል። ሁለት ቴብል አለ።

«አቅራቢ»፦ መለያ፣ ስም፣ ወረዳ፣ ቀሪ። «ቀሪ» ለአቅራቢው ያልከፈልነው ብር ነው።

«ርክክብ»፦ መለያ፣ አቅራቢ_መለያ፣ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ብር፣ ሁኔታ። ዓይነቱ «እሸት» ወይም «ጀንፈል» ነው። ሁኔታው «ክፍት» ወይም «ተከፍሏል» ነው።

«ክፍት_ርክክብ» የሚባለው ቪው ሁለቱን አገናኝቶ ሁኔታቸው «ክፍት» የሆኑትን ብቻ ያሳያል። አንድ የስሌት አምድም አለው፦ ኪሎ ለ17 ተካፍሎ «ፈረሱላ» ይወጣል። ኪሎውን «ኑሜሪክ» (ነጥብ የሚይዝ ቁጥር) አድርጉት። «ኢንቲጀር» ከሆነና በ17 ካካፈላችሁት ከነጥብ በኋላ ያለው ይጣላል፤ 50 ኪሎ 2 ፈረሱላ ብቻ ሆኖ ይታያል።

ደረጃ 1፦ ሁለቱም እንደማያስፈልጉ አረጋግጡ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከ9.3 ጀምሮ ቀላል ቪው ያለ ሩልም ያለ ትሪገርም ይጻፍበታል። ቀላል የሚባለው ከአንድ ቴብል ብቻ የሚያነብ ነው፤ «ዲስቲንክት»፣ «ግሩፕ ባይ»፣ «ሊሚት»፣ «ዩኒየን»፣ «ዊዝ» ወይም እንደ «ሰም» ያለ ድምር የሌለበት። የስሌት አምድ ቢኖርበት ችግር የለም፤ ያ አምድ ብቻ አይጻፍበትም፣ ሌሎቹ ይጻፍባቸዋል።

ስለዚህ አቅራቢ ቴብል ላይ ብቻ የተሠራ «የጎማ_አቅራቢ» የሚል ቪው ካላችሁ ምንም አትጨምሩ። አንድ ነገር ብቻ፦ በመጨረሻው ላይ «ዊዝ ቼክ ኦፕሽን» አድርጉበት። ያለሱ አንድ ሰው በጎማ ቪው በኩል ወረዳውን «ማና» ብሎ ቢያስገባ ዳታቤዙ ይቀበላል። ረድፉ ቴብሉ ውስጥ ይገባል፣ ቪው ላይ ግን አይታይም። ያስገባው ሰው «ጠፋብኝ» ብሎ ደግሞ ያስገባዋል።

ደረጃ 2፦ ኢረሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ

በክፍት_ርክክብ ላይ አፕዴት ስትሞክሩ «ካንኖት አፕዴት ቪው» ይላችኋል። ከሥሩ ሁለት መስመር አለ። «ዲቴይል» ለምን እንደማይቻል ይናገራል፤ በእኛ ምሳሌ ቪው ከአንድ ቴብል ብቻ ስለማያነብ ነው። «ሂንት» ደግሞ ወይ ኢንስቴድ ኦፍ ትሪገር፣ ወይ ቅድመ ሁኔታ የሌለው «ዱ ኢንስቴድ» ሩል ጻፍ ይላል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሂንቱ ሁለቱን እኩል አድርጎ ስለሚያቀርባቸው። እኩል አይደሉም።

ደረጃ 3፦ ሩሉን በሙከራ ዳታቤዝ ጻፉና ሲስት እዩት

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ሩል አጭር ስለሆነ ያማልላል። አንድ ጊዜ ሲስት በዓይናችሁ ካያችሁት ኋላ አትፈተኑም።

የምንፈልገው አንድ ርክክብ «ተከፍሏል» ሲባል የአቅራቢው ቀሪ እንዲቀንስ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል፦

ክሪኤት ሩል ክፍያ_ሩል አዝ ኦን አፕዴት ቱ ክፍት_ርክክብ ዱ ኢንስቴድ (
አፕዴት ርክክብ ሴት ሁኔታ = ኒው.ሁኔታ ዌር መለያ = ኦልድ.መለያ;
አፕዴት አቅራቢ ሴት ቀሪ = ቀሪ - ኦልድ.ብር ዌር መለያ = ኦልድ.አቅራቢ_መለያ
);

አሁን መለያው 7 የሆነ አቅራቢ አስገቡ፣ ቀሪው 30000 ብር። ሦስት ክፍት ርክክብ ስጡት፣ እያንዳንዱ 10000 ብር። ከዚያ አንዱን በቪው በኩል «ተከፍሏል» አድርጉ።

ውጤቱን እዩ። ርክክቡ ተከፍሏል ሆኗል። ቀሪው ግን አሁንም 30000 ነው። ኢረር የለም። ፒኤስኪውኤል «አፕዴት 0» ብሎ ዝም ይላል፤ የሚያሳየው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ቁጥር ነውና።

ምን ሆነ? ሩሉ ሁለት ኩዌሪ ጻፈ። ሁለቱም «ኦልድ»ን (የረድፉን አሮጌ ዋጋ) የሚያገኙት ቪውን እንደገና በማንበብ ነው። የመጀመሪያው ርክክቡን «ተከፍሏል» ሲያደርገው ረድፉ ከቪው ወጣ፤ ቪው ክፍቶችን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው ሲመጣ የሚያገኘው ረድፍ የለም።

«ቅደም ተከተሉን ልገልብጠዋ!» ትላላችሁ። ገልብጡት፣ ቀድሞ የተከፈለውን ርክክብ ቴብሉ ላይ ወደ «ክፍት» መልሱና ሦስቱን ርክክብ በአንድ አፕዴት ክፈሉ። አሁን ፒኤስኪውኤል «አፕዴት 3» ይላል። ደስ ይላል። ቀሪውን ስታዩ ግን 20000 ነው። ዜሮ መሆን ነበረበት። አፕዴት ከሌላ ቴብል ጋር ሲገናኝ አንድን ረድፍ በአንድ ኩዌሪ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀይረው። አቅራቢ 7 አንድ ረድፍ ነው፤ ሦስት ርክክብ ቢገጥመውም አንዱን ብቻ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ይከፋል። ቁጥሩ ትክክል ስለሚመስል ሒሳብ እስኪዘጋ ማንም አያየውም።

ሌላ ወጥመድም አለ። ሩል ውስጥ «ኒው.መለያ» ብላችሁ ስትጽፉ ዋጋው አይደለም የሚተካው፤ አገላለጹ ነው። የቪው አምድ ዲፎልት «ኔክስትቫል» (ቀጣዩን ተከታታይ ቁጥር የሚሰጥ ፈንክሽን) ቢሆንና ሩሉ ርክክቡንም የታሪክ መዝገቡንም የሚጽፍ ከሆነ ኔክስትቫል ሁለት ጊዜ ይጠራል። ርክክቡ ላይ 41፣ ታሪኩ ላይ 42 ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማገናኘት አይቻልም።

አይታችሁ ስትጨርሱ ሩሉን አጥፉት፦ ድሮፕ ሩል ክፍያ_ሩል ኦን ክፍት_ርክክብ። ካልጠፋ ኋላ የምትጽፉት ትሪገር አይሠራላችሁም፤ ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

ደረጃ 4፦ የትሪገሩን ፈንክሽን ጻፉ

መጀመሪያ ፈንክሽኑ፣ ኋላ ትሪገሩ። በተቃራኒው አይሆንም፤ ትሪገሩ የሚጠራው ነገር ቀድሞ መኖር አለበት።

ክሪኤት ፈንክሽን ክፍያ_መዝግብ() ሪተርንስ ትሪገር ላንጉዌጅ ፒኤልፒጂኤስኪውኤል አዝ $$
ቤጊን
አፕዴት ርክክብ ሴት ሁኔታ = ኒው.ሁኔታ ዌር መለያ = ኦልድ.መለያ ኧንድ ሁኔታ = ኦልድ.ሁኔታ;
ኢፍ ኖት ፋውንድ ዜን ሪተርን ነል; ኤንድ ኢፍ;
ኢፍ ኒው.ሁኔታ = 'ተከፍሏል' ዜን
አፕዴት አቅራቢ ሴት ቀሪ = ቀሪ - ኦልድ.ብር ዌር መለያ = ኦልድ.አቅራቢ_መለያ;
ኤንድ ኢፍ;
ሪተርን ኒው;
ኤንድ;
$$;

መስመር በመስመር እንየው።

«ዌር» ውስጥ የገባው «ኦልድ.መለያ» ነው፣ «ኒው.መለያ» አይደለም። ሰውየው መለያውንም ለመቀየር ቢሞክር ትክክለኛውን ረድፍ የሚያገኘው አሮጌው ነው።

«ሁኔታ = ኦልድ.ሁኔታ» የምትለዋ ትርፍ ትመስላለች። አይደለችም። ቡና በሚበዛበት ሰሞን ሁለት ገንዘብ ያዥ በሁለት መስኮት አንዱን ርክክብ እኩል ሊከፍሉ ይችላሉ። ኢንስቴድ ኦፍ ትሪገር ሲጠራ ሥር ያለው ረድፍ ገና አልተቆለፈም። የሚቆልፈው ፈንክሽኑ ውስጥ ያለው አፕዴት ነው። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ኮሚት እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ዳታቤዙ ረድፉን ደግሞ ያያል፣ ሁኔታው «ክፍት» እንዳልሆነ ያገኛል፣ ይዘለዋል። ያቺ ቃል ባትኖር ቀሪው ሁለት ጊዜ ይቀንሳል።

«ኢፍ ኖት ፋውንድ» የዘለለውን ረድፍ ትይዛለች። «ሪተርን ነል» ማለት «ምንም አልሠራሁም» ማለት ነው። ፖስትግሬስ ያንን ረድፍ አይቆጥረውም፤ ፕሮግራማችሁም «አፕዴት 0» አይቶ ለሁለተኛው ገንዘብ ያዥ «ቀድሞ ተከፍሏል» ሊለው ይችላል።

«ሪተርን ኒው» ደግሞ «ሠርቻለሁ» ማለት ነው። ረድፉ ይቆጠራል። ኦልድና ኒው እዚህ እውነተኛ ዋጋ ናቸው፣ እጃችሁ ላይ ያሉ። ቪው እንደገና አይነበብም። ለዚህ ነው ረድፉ ከቪው ቢወጣም ሁለተኛው አፕዴት የማይስተው፤ ሦስት ርክክብም ከሆነ ሦስት ጊዜ የሚቀንሰው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ፈንክሽን ሁኔታን ብቻ ነው የሚቀይረው። አንድ ሰው በቪው በኩል ኪሎውን 50 ቢያደርግ «አፕዴት 1» ይባላል፣ ኪሎው ግን አይቀየርም። እንዲህ ያለ ውሸት አትተዉ። ወይ ኪሎውንም አፕዴት አድርጉ፣ ወይ «ኒው.ኪሎ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ኦልድ.ኪሎ» ከሆነ በ«ሬይዝ ኤክሴፕሽን» አስቁሙ። ተራውን የአለመተካከል ምልክት አትጠቀሙ፤ አንደኛው ነል (ባዶ ዋጋ) ከሆነ ንጽጽሩ ራሱ ነል ይሆንና ቅያሬው ሳይያዝ ያልፋል።

ደረጃ 5፦ ትሪገሩን ቪው ላይ እሰሩ

ክሪኤት ትሪገር ክፍያ_ትሪገር ኢንስቴድ ኦፍ አፕዴት ኦን ክፍት_ርክክብ ፎር ኢች ሮው ኤክስኪዩት ፈንክሽን ክፍያ_መዝግብ();

«ፎር ኢች ሮው» ግዴታ ነው። ኢንስቴድ ኦፍ በስቴትመንት ደረጃ አይሠራም። «ዌን» የሚል ቅድመ ሁኔታም አይቀበልም፤ ቅድመ ሁኔታችሁን ፈንክሽኑ ውስጥ አስገቡ።

ለዲሊት ትሪገር ካልጻፋችሁ በዚህ ቪው ዲሊት ማድረግ ኢረር ይሆናል። እኔ ሆን ብዬ እንዲያ እተወዋለሁ። የርክክብ መዝገብ አይሰረዝም። ቪው በአንድ ቴብል ላይ የቆመ ቀላል ቪው ቢሆን ግን ዲሊቱ በራሱ ይፈቀድ ነበርና ልዩነቱን ልብ በሉ።

ደረጃ 6፦ ለኢንሰርት ስትጽፉ ዲፎልትን አስቡ

ፈንክሽኑ ውስጥ ወደ ርክክብ ስታስገቡ ሰውየው ያልሞላው አምድ «ኒው» ውስጥ ነል ሆኖ ይመጣል። ያንን ነል በግልጽ ካስገባችሁት የቴብሉ ዲፎልት አይሠራም። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው «ኮአሌስ(ኒው.ሁኔታ, 'ክፍት')» ማለት ነው። ሁለተኛው በ«ኦልተር ቪው» ለቪው አምድ የራሱን ዲፎልት መስጠት ነው።

መለያውን ግን ከኢንሰርቱ ዝርዝር አውጡት፤ ቴብሉ ራሱ ይስጠው። ከዚያ በመጨረሻው «ሪተርኒንግ መለያ ኢንቱ ኒው.መለያ» በሉ። ይህ ከሌለ በቪው በኩል አስገብቶ በ«ሪተርኒንግ» ቁጥሩን የሚጠብቅ ፕሮግራም ነል ያገኛል፤ ደረሰኙም ያለ ቁጥር ይታተማል።

ፈረሱላውንም እዚሁ መፍታት ይቻላል። ኪሎ ነል ከሆነና ፈረሱላ ከተሞላ «ኒው.ኪሎ := ኒው.ፈረሱላ * 17» በሉ። መዝጋቢው የለመደውን መለኪያ ይጽፋል፣ ቴብሉ ውስጥ ኪሎ ይገባል። ቀሪውን በርክክቡ ብር ልክ መጨመርም እንዳትረሱ።

ደረጃ 7፦ ፈቃዱን አስተካክሉ

እዚህ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሩል የሚነካቸው ቴብሎች የሚታዩት በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ገንዘብ ያዡ ቪው ላይ ብቻ ፈቃድ ቢኖረው ይበቃዋል። የትሪገር ፈንክሽን ግን የሚሠራው ትዕዛዙን በሰጠው ሰው ፈቃድ ነው። እናንተ በባለቤት ስም ስትሞክሩት ይሠራል፤ ገንዘብ ያዡ ሲሞክረው «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ቴብል ርክክብ» ይለዋል።

ቴብሉን ለሁሉም ከፍታችሁ አትገላገሉ፤ ያኔ ቪው መሥራታችሁ ትርጉም የለውም። ፈንክሽኑን «ሴኩሪቲ ዲፋይነር» (በባለቤቱ ፈቃድ የሚሠራ) አድርጉትና እዚያው ላይ «ሴት ሰርች ፓዝ = ፐብሊክ፣ ፒጂ ቴምፕ» ጨምሩበት። ሁለተኛው የግድ ነው። ያለሱ ሌላ ተጠቃሚ በተመሳሳይ ስም የራሱን ቴብል ፈጥሮ በባለቤት ፈቃድ የሚሠራውን ፈንክሽን ወደዚያ ሊያሳስተው ይችላል። ከዚያ ለገንዘብ ያዡ ቪው ላይ «ሴሌክት»ና «አፕዴት» ብቻ ስጡት።

ደረጃ 8፦ ፈትሹ

ፍተሻውን «ቤጊን» ብላችሁ ጀምሩ፣ «ሮልባክ» ብላችሁ ጨርሱ። ያው አቅራቢ 7 እና ሦስቱ ርክክብ ይበቃሉ፤ አስቀድማችሁ ቀሪውን ወደ 30000፣ ርክክቦቹን ወደ «ክፍት» መልሷቸው። አንዱን ክፈሉ፤ ቀሪው 20000 መሆን አለበት። ሮልባክ። ሦስቱን በአንድ አፕዴት ክፈሉ፤ «አፕዴት 3» እና ቀሪው 0። ሮልባክ። ቀጥሎ ሁለት ፒኤስኪውኤል መስኮት ክፈቱ። በሁለቱም ቤጊን በሉና ያንኑ ርክክብ ክፈሉ። ሁለተኛው መስኮት ይቆማል። የመጀመሪያውን ኮሚት ስትሉት ሁለተኛው «አፕዴት 0» ማለት አለበት። በመጨረሻም ፒኤስኪውኤል ውስጥ «ሴት ሮል» ብላችሁ በገንዘብ ያዡ ስም ሞክሩት።

ሩል የሚሻለው መቼ ነው?

ብዙ ረድፍ በአንዴ ሲንቀሳቀስና የእያንዳንዱን ረድፍ ዋጋ ማየት ሳያስፈልግ ነው። ለምሳሌ የ2016ንና የ2017ን ርክክብ በሁለት ቴብል ይዛችሁ በ«ዩኒየን ኦል» አንድ ቪው አድርጋችኋል። በቪው በኩል ብዙ ረድፍ መሰረዝ ትፈልጋላችሁ። ትሪገር ለእያንዳንዱ ረድፍ ፈንክሽን ይጠራል። ሩል ግን ሁለት ዲሊት ብቻ ይጽፋል፤ ፖስትግሬስም እንደ ማንኛውም ኩዌሪ አስልቶ ይፈጽማቸዋል። እዚህ ሩሉ ይፈጥናል፣ አይስትምም፤ መለያ ቁጥሩ በሁለቱ ቴብሎች የማይደገም ከሆነ። ከተደገመ የአንዱን ዓመት ስትሰርዙ የሌላው ዓመት ረድፍ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ ውጭ እኔ ሩል አልጽፍም። «ዱ ኢንስቴድ ናቲንግ» ብሎ መጻፍን መከልከልም አልወድም፤ ሰውየው የሠራ መስሎት ይሄዳል። ከልክሉ ካላችሁ ፈቃዱን ንሱት ወይም ኢረር አሳዩት።

ከወረዳ በኤክሴል የሚመጣ ዝርዝር ካላችሁ ደግሞ ምርጫው አልቋል። «ኮፒ» የሚለው ትዕዛዝ ሩልን ጨርሶ አያይም። ኢንስቴድ ኦፍ ኢንሰርት ትሪገር ያለው ቪው ላይ ግን ከ10 ጀምሮ ይሠራል። ፋይሉን ሲኤስቪ አድርጋችሁ በቀጥታ ወደ ቪው መጫን ትችላላችሁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሩልም ትሪገርም አንድ ቪው ላይ። ሩል ሁልጊዜ ይቀድማል። ቅድመ ሁኔታ የሌለው ዱ ኢንስቴድ ሩል ካለ ዋናው ኩዌሪ አይፈጸምም፣ ስለዚህ ትሪገሩ አይጠራም። ኢረር የለም። «ትሪገሬ አይሠራም» ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው «አሮጌ ሩል አለበት?» ብዬ ነው። ፒኤስኪውኤል ውስጥ ባክስላሽ፣ ዲ፣ ፕላስና የቪውን ስም ጻፉ፤ ሁለቱንም ዘርዝሮ ያሳያል።

ዳታው ተቀይሮ «አፕዴት 0» ማለት። ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ ነል እየመለሰ ነው። «ሪተርን ኒው» በሉ፤ ለዲሊት «ሪተርን ኦልድ»። ሪተርን ጭራሽ ከረሳችሁ ግን ኢረር ይመጣልና እሱ ይሻላል።

ቅድመ ሁኔታ ያለው ሩል ብቻውን። «ዌር ኒው.ኪሎ > 0» የሚል ዱ ኢንስቴድ ሩል ብቻ ካለ ፖስትግሬስ እምቢ ይላል። ሁኔታው ካልተሟላ ምን ላድርግ የሚለውን ስላልነገራችሁት ነው።

«ኦን ኮንፍሊክት» በቪው ላይ። ትሪገር ወይም ሩል ባለው ቪው ላይ አትሞክሩት። ፈንክሽኑ ውስጥ፣ እውነተኛው ቴብል ላይ ባለው ኢንሰርት አድርጉት። «ዊዝ ቼክ ኦፕሽን»ም እንዲሁ ነው፤ ትሪገር ላለው ቪው አይሆንም። ቁጥጥሩን በሬይዝ ኤክሴፕሽን ጻፉ።

የሞክሼ ፊደል ጣጣ። ለእኛ «ዓይነት» እና «አይነት» አንድ ናቸው። ለፖስትግሬስ ሁለት የተለያዩ አምዶች ናቸው። ዳታው ላይ ይብሳል፤ አንዱ «ተከፍሏል» ሌላው «ተከፍሎአል» ብሎ ቢጽፍ የእኛ ፈንክሽን ሁለተኛውን አያውቀውም። ሁኔታው ይቀየራል፣ ረድፉ ከቪው ይወጣል፣ ቀሪው ግን አይቀንስም። ርክክብ ቴብል ላይ ሁለቱን ቃላት ብቻ የሚፈቅድ «ቼክ» አድርጉ።

ቪውን ማጥፋትና እንደገና መፍጠር። ድሮፕ ቪው ትሪገሮቹንም ሩሎቹንም ይዞ ይሄዳል። አምድ ለመጨመር ከሆነ «ክሪኤት ኦር ሪፕሌስ ቪው» ተጠቀሙ፤ ትሪገሮቹ ይቆያሉ። አዲሱ አምድ ግን ከመጨረሻው ነው የሚገባው።

ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ ራሱ የሚቀመጥ ቪው) ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። ማይኤስኪውኤል ላይም ቪው ላይ ትሪገር ማድረግ አይቻልም። ኦራክል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኤስኪውላይት ኢንስቴድ ኦፍ ትሪገር አላቸው፤ እንዲህ ያለ ሩል ግን የላቸውም።

አሮጌ ሩል ካላችሁ

ሥራ ላይ ባለ ሲስተም ሩሉን ወደ ትሪገር ስትቀይሩ በመሐል ክፍተት አትተዉ። ፖስትግሬስ እንዲህ ያሉ ትዕዛዞችን በትራንዛክሽን ውስጥ ይቀበላል።

1. ፈንክሽኑን አስቀድማችሁ ፍጠሩ። ትሪገር እስኪታሰርበት ማንንም አይነካም።
2. ቤጊን በሉ።
3. ድሮፕ ሩል።
4. ክሪኤት ትሪገር። ከዚያ «ሴቭፖይንት» (መመለሻ ነጥብ) አድርጉ።
5. እዚያው አንድ ርክክብ ክፈሉና ቀሪውን እዩ። ልክ ካልሆነ ሮልባክ፤ ሩሉ እንደነበረ ይመለሳል።
6. ልክ ከሆነ የሞከራችሁበትን ክፍያ ብቻ ለመመለስ ወደ ሴቭፖይንቱ ተመለሱ። ከዚያ ኮሚት።

ይህን መረከቢያው ሲዘጋ፣ ማታ አድርጉት። ሩሉ ሲጠፋ ቪው ይቆለፋል፤ ትራንዛክሽኑ ክፍት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ቪውን የሚያነቡትም የሚጽፉበትም ይጠብቃሉ። ሩሉ በነበረበት ጊዜ የተከፈሉትን ርክክቦች ደግሞ አንድ ጊዜ ደምሩ፦ በየአቅራቢው ሁኔታቸው «ክፍት» የሆኑትን ብር ድምር ከ«ቀሪ» ጋር አስተያዩ። የማይገጥም አቅራቢ ካለ ሩሉ የሳተበት ነው፤ ቀሪውን ከደረሰኙ ጋር አመሳክራችሁ በእጅ አስተካክሉት።